የዋንዛው ወለልና ፀሐይ ያላየው ጠርሙስ

መስከረም ላይ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስም ስመዘግብ አንዲት እናት ከጠረጴዛዬ ፊት ቆማ ትኩር ብላ አየችኝና፣ «ይቅርታ፣ አንቺ የወለሏ ራሄል አይደለሽም?» አለችኝ።

ከኋላዋ የተሰለፉት ወላጆች ተያዩ። «የወለሏ ራሄል» ማለት ምን እንደሆነ ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ማህሌት ናት። እጇን ይዛ የቆመችው፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁት ልጅ ደግሞ ሶልያና። ሶልያናን መጀመሪያ ሳያት ገና ጨቅላ ነበረች፤ በነጭ ጋቢ ተጠቅልላ ታስል ነበር። ያን ሳል ያመጣሁባት እኔ ነኝ።

«አድጋለች» አልኩ።

«ምን አድጋለች ብቻ! ቤቱን አተራምሳዋለች እንጂ» አለች ማህሌት እየሳቀች። «ወለሉም እንዳለ ነው። አንድ ቀን መጥተሽ እዪው።»

ያን ቀን ልጆቹ ሲወጡ ጫማዬን አውልቄ በባዶው ክፍል ወለል ላይ ቆምኩ። ሲሚንቶ ነው፤ ይቀዘቅዛል፣ በበሩ በኩል ትንሽ ያዘቀዝቃል። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬንም እወደዋለሁ። እግሬ ግን ከገባበት ክፍል ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ወለሉ ነው። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት በዚያው ቀን ነው።

አስተማሪ ነኝና በቅደም ተከተል ልሂድ።

ከማስተማሬ በፊት ከስምንት ዓመት በላይ ወለል ሠርቻለሁ። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ ስወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አፓርታማ በሚሠራ ተቋራጭ ዘንድ ነው። አለቃችን ሥራን የሚያውቀው በካሬ ብቻ ነበር። ጠዋት ሲገባ «ዛሬ ስንት ካሬ?»፣ ሲወጣ «ስንት ካሬ ሆነ?» ይላል። ሴራሚክ እንለጥፋለን፤ የፕላስቲክ ምንጣፍ በኮላ እናነጥፋለን። ከሰዓት በኋላ የኮላው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል፣ ራስ ይወቅራል። መድኃኒቱ ወተት ነበር። ቀለም ቀቢውም፣ ኮላ የሚነካውም በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይታደለዋል፤ እሱን ጠጥተን መርዙን አጠብን ብለን እናምን ነበር። ደመወዙ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ነው፤ ውሉም አንድ ገጽ ነበር።

ጋሽ ደቻሳን ያወቅኳቸው እዚያ ነው። የእንጨት ደረጃ ሊጠግኑ መጥተው፣ የወተት ላስቲኬን በጥርሴ ስቀድ አዩኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ወተት ነዋ። ለኮላው።»

«ወተቱ የሚገባው ሆድ፤ የኮላው ሽታ የሚገባው ሳንባ» አሉ። «የት ተገናኝተው ሊጣሉ ነው?»

ሳቅኩ። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። የተማርኩ ነኝ፤ ሳንባና ሆድ የተለያዩ መሆናቸውን በሥዕል ሠርቼ ፈተና አልፌበታለሁ። አንድም ቀን ግን ከዚያ ወተት ጋር አገናኝቼ አላሰብኩትም። በሳምንቱ ደረጃውን ጨርሰው ዕቃቸውን ሲሰበስቡ አጠገባቸው ሄጄ፣ ከእርስዎ ጋር ልሥራ አልኳቸው።

«ፈጣን ነሽ?»

«በጣም!»

«እሱን ማስተው አለብኝ ማለት ነው» አሉና መጋዛቸውን አሸከሙኝ።

ጋሽ ደቻሳ የላፍቶ ሰው ናቸው። ዛሬ ሕንፃና ሱቅ የቆመበት ቦታ ልጅ ሳሉ የቤተሰባቸው የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ወለልን የተማርኩት ከእናቴ ነው ይሉ ነበር። እናታቸው የቤታቸውን መሬት በየሳምንቱ በእበት ይለቀልቁታል፤ ሲደርቅ አቧራ አያነሳም፣ ለእግር ይለሰልሳል። «ሕፃን ቢልሰው ምንም አይሆንም» ይሉኛል። «እኔ ራሴ ልሼዋለሁ፤ ይኸው ስልሳ ዓመት አለፈኝ።»

ልማዶቻቸውን ልዘርዝር ብል ቀን አይበቃኝም፤ ሦስቱን ብቻ ላንሳ። አንደኛው ጫማ ነው። ሜትር ከመዘርጋታቸው በፊት ደጃፉ ላይ ጫማቸውን፣ ቀጥሎም ካልሲያቸውን ያወልቁና ክፍሉን ጥግ ለጥግ ይዞሩታል። እርጥበት ያለበትን ቦታ፣ ጎርበጥ ያለውን፣ ከሥሩ ባዶ የሆነውን በእግራቸው ያገኙታል። ከዚያ እኔ በውሃ ልክ ስለካው እዚያው ቦታ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው ነው። ሌላ ባለሙያ ስንት ካሬ ነው፣ ምን ዓይነት ቀለም ትፈልጋላችሁ ብሎ ይጀምራል። እሳቸው ባለቤቲቱን አስቀምጠው፣ «እዚህ ቤት መሬት የሚቀመጠው ማን ነው?» ይላሉ። የሚድህ ልጅ አለ? መሬት ላይ ተቀምጠው የሚጸልዩ፣ ሽንኩርት የሚከትፉ ሽማግሌ አሉ? ፍራሽ መሬት አንጥፎ የሚያድር አለ? ወለሉ የሚመረጠው ለዚያ ሰው ነው። ቆሞ የሚሄድ ሰው አፍንጫው ከወለሉ ሩቅ ነው፤ የሚድህ ልጅ ግን የሚተነፍሰው ወለሉን ነው።

እዚህ ላይ ቤት ለሚሠራ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። ወለል ሦስት ነገር ነው፦ አካሉ፣ ማጣበቂያውና ቅቡ። አካሉ የምንረግጠው ነው፤ እንጨት፣ ድንጋይ፣ ሴራሚክ፣ ፕላስቲክ። ማጣበቂያው ከሥር ይዞት ያለው ነው። ቅቡ ደግሞ ከላይ የሚያበራው። ሰው ሱቅ ገብቶ የሚመርጠው አካሉን ነው፤ ያውም በመልኩ። ጥሩ እንጨት ገዝቶ፣ በመጥፎ ኮላ አጣብቆ፣ በሚከረፋ ቫርኒሽ ከቀባው ግን ጥሩ እንጨት የለውም። ሦስቱንም አንድ በአንድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጋሽ ደቻሳ ከቻሉ በሚስማር እንጂ በኮላ አይሠሩም፤ ከቻሉ በተልባ ዘይትና በንብ ሰም እንጂ በቫርኒሽ አይቀቡም ነበር።

ሦስተኛው ልማዳቸው ጠርሙሱ ነው። ከሚነጠፈው ነገር ቁራጭ ይወስዱና በታጠበ የማር ጠርሙስ ከተው ጥርቅም አድርገው ይዘጉታል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ የሚያሸተው ባለቤቱ ነው። «የኔና ያንቺ አፍንጫ ኮላ የበላው ነው፤ አይታመንም» ይላሉ። በርግጥ ይህ የላቦራቶሪ ምርመራ አይደለም። የማይሸትም ጎጂ ነገር አለ። ላቦራቶሪ የሌለው ቤት ግን የማር ጠርሙስ አያጣም።

ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የተደረደረ ጣውላ ነበራቸው። ዋንዛ ነው። የእናታቸው ደጅ ላይ የቆመው ዛፍ፣ መሬቱ ለቤት ግንባታ ሲወሰድ መቆረጡ አልቀረም፤ እሳቸው ለማገዶ አልሰጥም ብለው አሰንጥቀው አስቀመጡት። በየጣውላው መካከል ቀጭን ዱላ አስገብተው አየር እንዲገባው አድርገዋል፤ ጫፍ ጫፉን እንዳይሰነጠቅ ሰም ቀብተውታል። በየጊዜው እያገላበጡ ብዙ ዓመት አደረቁት። ለአንድ ክፍል የሚበቃ ነው። የራሳቸው ቤት ወለል ያኔም የሲሚንቶ ሊሾ ነበር፤ ጣውላው ለመኝታ ክፍላቸው የታሰበ ነው። ከጣውላዎቹ አንዱ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ነጥብ አለ። ልጅ ሳሉ ለዥዋዥዌ ገመድ ብለው ዛፉ ላይ የመቱት ሚስማር ነው፤ ብረቱ ዝጎ እንጨቱን አጥቁሮታል። ሲያልፉ ሲያገድሙ ያን ጣውላ በመዳፋቸው ቸብ ያደርጉታል፤ አንዳንዴ የሚያደርጉትን ልብ የሚሉትም አይመስለኝም።

ሦስት ዓመት አብሬያቸው ከሠራሁ በኋላ፣ ክረምት ላይ፣ ወሊሶ ያለችው እህታቸው ታመመች። ሊሄዱ ሲነሡ መካኒሳ አቦ የሚሠራ አንድ ክፍል ነበረን።

«አንቺ ሥሪው» አሉኝ።

«ብቻዬን?»

«እጅሽ ከኔ ይሻላል። ችኮላሽን ብቻ እዚህ ትተሽው ሂጂ።»

ባለቤቷ እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ልጃቸው ማህሌት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ነው የምትወልደው። የአራሷ ክፍል ከኋላ ያለው ነው፤ ወለሉ የተሰነጣጠቀ ሊሾ፣ ክረምት ላይ እንደ በረዶ የሚቀዘቅዝ።

እትዬ ዘነበች ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እውነት አንቺ ነሽ የምትሠሪው? ጉልበትሽ አያሳዝንሽም?»

«ጉልበቴ ለምዶታል።»

«እሺ ልጄ። እኔ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ይሞቅ፣ ደግሞ መርዝ የሌለው ይሁን። ፕላስቲኩ ጥሩ አይደለም ሲባል ሰምቻለሁ። የምትወልደው እዚህ ነው፤ ልጁ ዓይኑን የሚከፍተው እዚህ ነው።»

መሬት የሚቀመጠው ማን ነው ብዬ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም። ኃላፊነቱ ደስ አለኝ። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ጥሩ ደረቅ ጣውላ ማግኘት አልተቻለም፤ ያለውም ገና እርጥብ ነው። በመጨረሻ አንዱ ሻጭ ላሚኔት አሳየኝ፤ ካርቶኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ታትሞበታል።

«ይሄ ኢኮ ነው እህቴ» አለ። «ኮላ አይፈልግም፤ ጠቅ ጠቅ አድርገሽ መግጠም ነው።»

«ስለ ውስጡ የሚገልጽ ወረቀት አለው?»

«ቅጠሉ አይታይሽም?»

ቅጠሉ ታየኝ። ኮላ አይፈልግም፤ ማጣበቂያው ቀረ። ከላይ ያለቀለት ነው፤ ቅቡ ቀረ። ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ የመለስኩ መሰለኝ። የረሳሁት ዋናውን ነው። የላሚኔት አካል የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተቀላቅሎ የተጨመቀ ነው። ኮላው ከሥር አልነበረም፤ ከውስጥ ነበር።

ቢሆንም ጠርሙሱን አልዘለልኩም። ይህን ሁልጊዜ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ አላጽናናኝም እንጂ። ቁራጩን ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ የእትዬ ዘነበች መስኮት ላይ አስቀመጥኩ። በማግሥቱ ከፍተው አሸተቱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ደግመው አሸተቱ።

«ምንም» አሉ። «የዝናብ ሽታ ብቻ።»

በሁለት ቀን ገጥሜ ጨረስኩ። ወለሉ ማር መሰለ። እትዬ ዘነበች ባዶ እግራቸውን ቆመው መረቁኝ።

ማህሌት መስከረም መጀመሪያ ላይ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። የአራስ ቤት እንዴት እንደሚያዝ ሁላችንም እናውቃለን። ብርድ እንዳይገባ፣ ምች እንዳይመታት ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ በሩ ከእንግዳ በቀር አይከፈትም። ውጭ ደግሞ የመስከረም ፀሐይ ወጥታ ቆርቆሮውን ማጋል ጀመረች። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ ገብቶም፣ «እሰይ! አዲስ ቤት አዲስ ቤት ይሸታል!» ይላል። እትዬ ዘነበች በዚህ ኮርተው ነበር። ለእኛ የአዲስ ዕቃ ሽታ የብልጽግና ሽታ ነው፤ ክፉ ነው ብሎ የሚያስብ የለም።

ልጅቱ በሁለተኛው ሳምንት ማሳል ጀመረች። ዓይኗ ያለቅሳል፣ ትንፋሿ ያፏጫል። የማህሌት ራስ ምታት አልተዋት አለ። ልጅቱን ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ነርሷ ካየቻት በኋላ፣ «ቤት ውስጥ አዲስ ነገር አለ? ቀለም፣ ምንጣፍ?» ብላ ጠየቀች። «ከዚያ ክፍል አውጧት፤ መስኮቱንም ክፈቱት» አለች።

እትዬ ዘነበች ስልክ ደወሉልኝ። «ራሄል፣ ነይና አሽቺው» ብቻ ብለው ዘጉት።

በሩን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ። ከፋብሪካ የሚወጣ ዓይነት፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ ነው። የኔ ኮላ የበላው አፍንጫ እንኳ አላጣውም። ሳሎን ተመልሼ ሶልያናን በጋቢ ተጠቅልላ አየኋት፤ ስታስል መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ማህሌት ጋቢውን አስተካከለችላት። እናቷ ግን ከፊቴ ቆሙ።

«ያሸተትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ምንም አይሸትም አልኩ። እኔ ምን አውቄ? አንቺ ግን ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ደቻሳ ከወሊሶ የተመለሱት በሦስተኛው ቀን ነው። ከአውቶቡስ ወርደው በቀጥታ ወደዚያ ቤት መጡ። ክፍሉን ከፍተው ገቡ፣ ወጡ፣ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡ።

«ጠርሙሱን አስቀምጠሽ ነበር?»

«አዎ።»

«የት?»

«መስኮቱ ላይ።»

«መቼ?»

«ነሐሴ።»

ገና ሲጠይቁኝ ገብቶኛል፤ እሳቸው ግን እኔው እንድለው ጠበቁኝ።

«ፀሐይ ነበረች?» አሉኝ።

«አልነበረችም።»

«እንግዲያ ጠርሙስ አስቀመጥሽ እንጂ አልፈተንሽም።»

ዛሬ ለተማሪዎቼ የማስረዳው ይህንኑ ነው። ሙጫው ውስጥ ያለው ጋዝ ሲሞቅ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ እዚያው ይተኛል። ከእሳቸው ጋር በሠራሁባቸው ሦስት ክረምቶች ጠርሙሱን ሲያስቀምጡ አላየሁም። ለምን እንደማያስቀምጡ አልጠየቅኩም፤ ሥራ ስለቀነሰ ይመስለኝ ነበር። ለካ ክረምት ላይ አዲስ ነገር የማይገዙት ለዚህ ኖሯል። ከሙቅ ውሃ አጠገብ ቢቀመጥም ይሠራል፤ ያንን እንኳ አላሰብኩትም።

ጋሽ ደቻሳ ተነሥተው የክፍሉን ርዝመት በእርምጃቸው ለኩ። አንዴ ለኩ፤ ተመልሰው ደግመው ለኩ። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ መድገም የሚያስፈልገው አልነበረም። ከዚያ እትዬ ዘነበችን፣ «ልጅቱ ክርስትና እስክትነሣ ሳሎን ብትቆይ ይቸግርዎታል?» አሏቸው።

«ምን ይቸግረኛል፤ እሷ ትዳን እንጂ።»

በማግሥቱ ላሚኔቱን ነቅለን ስናወጣ አንዲት ፒክአፕ መኪና በሩ ላይ ቆመች። ከላይ የተጫነውን ሳየው መዶሻዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ዋንዛው ነው።

«ጋሽ ደቻሳ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ...»

«ዲሲ» አሉኝ። በኦሮምኛ ተዪው ማለት ነው፤ ሲቆጡ ወይም ሲያዝኑ የሚወጣቸው ቃል ነው። የትኛው እንደሆነ ከፊታቸው መለየት አልቻልኩም።

ያን ወለል እንዴት እንደሠራነው እስከ ዛሬ በእጄ አስታውሰዋለሁ። መጀመሪያ ላስቲክ በሊሾው ላይ ዘርግተን ጠርዙን በፕላስተር ዘጋነው፤ በማግሥቱ ስንገልጠው ከሥሩ ላብ የለም፤ ሲሚንቶው ደረቅ ነው ማለት ነው። ጣውላውን ግቢ ውስጥ በመላጊያ ልገን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። የተልባ ዘይት በጨርቅ ቀብተን፣ እንጨቱ ያልጠጣውን ትርፍ ጠርገን፣ ፀሐይ ላይ አቆምነው፤ ሳምንት ሲሆነው ደገምነው። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጦ ጥግ መጣል ክልክል ነው፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊነሣበት ይችላል። ጋሽ ደቻሳ እያንዳንዱን ጨርቅ እንደ ታጠበ ልብስ አጥር ላይ ያሰጡት ነበር። ዘይቱ ሲደርቅ ጣውላውን ወደ ክፍሉ አስገብተን ሁለት ሳምንት ተውነው፤ እንጨት የሚኖርበትን ቤት አየር መልመድ አለበት። ከዚያ ጣውላውን የሚሸከመውን ወፍራም እንጨት፣ ሞራሌውን፣ ከሥር አስረን፣ ጣውላውን በሚስማር መታን፤ አንዲት ጠብታ ኮላ የለበትም። በግድግዳው ዙሪያ አንድ ጣት ክፍተት ትተን በግድግዳው ግርጌ በሚዞረው ቀጭን እንጨት፣ በዞኮሎ፣ ሸፈንነው፤ ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ያብጣልና መሄጃ ይፈልጋል። በመጨረሻ ሰም።

ጥቁር ነጥብ ያለበትን ጣውላ ለመጨረሻ አስቀሩት። በሩ አጠገብ ይመታል ብዬ አስቤ ነበር። እሳቸው መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አደረጉት። ሚስማሩን ከመምታታቸው በፊት መዳፋቸውን አሳረፉበት። ከዚያ መቱት።

ጠርሙሱንም አስቀመጥነው፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋ የጥቅምት መጨረሻ ናት። እትዬ ዘነበች ሲከፍቱት ሦስት ጊዜ አሸተቱ፤ አላመኑም። ማህሌት አሸተተች። ሶልያና ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ስትነሣ ሳሏ ከጠፋ ቆይቷል፤ ያን ዕለት ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እኛም ተጠርተን ነበር። ጋሽ ደቻሳ ሳሎን ተቀምጠው በሉ፣ መረቁ። ወደ ኋላው ክፍል ግን አልገቡም።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሠራሁ፤ ከነዚህ ውስጥ አራቱን ከእሳቸው ጋር። ዶፍ ዝናብ በሚጥልበት ክረምትም ሆነ በበጋ፣ አንድም ቀን ስለዚያ ዋንዛ አላነሡብኝም። እኔ ግን ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር በመኝታ ክፍላቸው በር ሳልፍ ዓይኔን ሊሾው ላይ አላሳርፍም ነበር። ሌላ ጣውላ ፈልጌ ነበር። አንዴ ጥሩ ጽድ አግኝቼ ወሰድኩላቸው፤ አመስግነው ለጎረቤት በር ሠሩበት።

ከዚያ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ዕድሜውን ሁሉ የተንበረከከ ጉልበት ነው፤ አንድ ጠዋት ለመነሣት እጄን ያዙና፣ «በቃኝ መሰለኝ» አሉ። እኔ አንድ ዓመት ብቻዬን ሞከርኩ። ደንበኛ በስልክ የቀለም ፎቶ ልኮ «ይሄን ለነገ» ይላል። መሬት የሚቀመጠው ማን ነው ስል ይስቅብኛል። ቅዳሜና እሑድ ስማረው የነበረውን የመምህርነት ትምህርት ጨርሼ ነበርና ወደ ክፍል ገባሁ።

አሁን የሚናፍቀኝ ብዙ ነው። መላጊያ ከእንጨት ላይ የሚያወጣው ድምፅ፤ ጠዋት ባዶ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ሳይነጋገር የሚሠራበት ዝምታ፤ ሰም የጠገበ ጣውላ በመዳፍ ሲነካ የሚሰጠው ሙቀት። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሰው ከአጠገቤ ሆኖ ችኮላዬን እያየ ዝም ማለቱ ይናፍቀኛል።

ዘንድሮ ተማሪዎቼን ሁለት ጠርሙስ አስመጣኋቸው። የብርቱካን ልጣጭ ከትተን አንዱን ጥላ፣ አንዱን ፀሐይ ላይ አስቀመጥን። ከሰዓት ሲከፍቱ የፀሐዩ ክፍሉን ሞላው። ሶልያና እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ያኛው በርዶት ነው ዝም ያለው!» አለች። ሰሌዳውን ለመጥረግ ዞርኩ፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነገር ግን አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ወደ ላፍቶ ሄጄ ማህሌት ወለሉን መጥተሽ እዪው ያለችኝን ለጋሽ ደቻሳ ነገርኳቸው። አይሄዱም ብዬ ነበር። «ቅዳሜ ነይና ውሰጂኝ» አሉ።

ቅዳሜ በታክሲ ወደ መካኒሳ ሄድን። እትዬ ዘነበች አርጅተዋል፤ ተቃቅፈው ስለ ጉልበታቸው ተጠያየቁ። ጋሽ ደቻሳ የኋላው ክፍል ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ግድግዳውን ተደግፈው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ላግዝዎት ብል እምቢ አሉ። ካልሲውን ግን አውልቂልኝ አሉኝ።

ወለሉ ጠቁሯል፤ ዋንዛ ሲያረጅ የሚይዘው ያ የሻይ ቀለም ወጥቶለታል። ሶልያና መስኮቱ ሥር በሆዷ ተኝታ ትሥላለች። ጋሽ ደቻሳ በባዶ እግራቸው ክፍሉን ጥግ ለጥግ ዞሩት፤ በዝግታ፣ ልክ እንደ ድሮው። አንድም ቦታ አልጮኸም።

«እዚህ ቤት መሬት የሚቀመጠው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ!» አለች ሶልያና ቀና ሳትል።

«እሱስ ምንድን ነው?» ጥቁሩን ነጥብ በእግራቸው ጣት አሳዩዋት።

«የጉንዳኖች ቤት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ።»

ጋሽ ደቻሳ ሳቁ። ሰባት ዓመት ያዘልኩት ነገር ያን ጊዜ ከአፌ ወጣ። «ጋሽ ደቻሳ፣ የእርስዎ ወለል ነበር» አልኳቸው።

«የኔ ቤት መሬት የምትቀመጠው ድመት ናት» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገውም፣ «አልዋሽሽም፣ ናፍቆኛል» አሉኝ። «እጅሽን ስጪኝ።»

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልቀመጥ ነዋ።»

«ኧረ ጉልበትዎ! ማን ያነሣዎታል?» አሉ እትዬ ዘነበች ከደጃፉ።

በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላው ማህሌት ይዘናቸው ቀስ ብለው ወረዱ። እግራቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ተደገፉ። ሶልያና ወረቀቷን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላቸው። መዳፋቸውን ጥቁሩ ነጥብ ላይ አሳረፉ፤ ፀሐይዋ እጃቸው ላይ ነበረች።

ትንሽ ቆይቼ፣ «እናንሣዎት?» አልኳቸው።

«አትቸኩዪ» አሉኝ።

ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።